የአዳኝ ጠመንጃ በአየር ጉዞ ላይ፤ ስለ አያያዙና ስለ አወላወሉ



ከብረት የተሠራ መሣሪያ ሁሉ ከባለቤቱ ጥበቃን ይጠይቃል። የአደን ጠመንጃ ግን ጥበቃው ሲጓደል ጉዳቱ በብረቱ ላይ ብቻ ሳይወሰን ወደ ተኳሹና በአጠገቡ ወደሚቆመው ሰው ሕይወት የሚያልፍ በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። አዳኙ በእግሩ ወይም በመኪና ሲጓዝ የመወልወያ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በአይሮፕላን ሲሳፈር ግን በቤቱ ከሚገለገልባቸው ነገሮች አንዳንዶቹን ትቶ መሄድ ግድ ይሆንበታል። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ አዳኙ ትቶት የሚሄደው ነገርና ጠመንጃው በእርግጥ የሚያስፈልገው ነገር አንድ አለመሆናቸውን ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን በሕጋዊ ፈቃድ ለማደን፣ በባሕር ጠረፍ ካለ የአውሮፓ ከተማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በመኪና ወደ ባሌ ደጋ የሚዘልቅ አንድ አዳኝ ማሰብ ይበቃል።

በቅድሚያ ይህ ሰው ሕጉን ማወቅ አለበት። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው የቺካጎ ስምምነት 18ኛ አባሪ አማካይነት አደገኛ ዕቃዎች በአየር የሚጓጓዙበትን ሥርዓት ደንግጓል። በዚህ ሥርዓት መሠረት፣ ለግል መጠቀሚያ የሚሆን የተለመደ ጥይት አየር መንገዱ ከፈቀደ፣ በሚገባ ታሽጎ፣ ለአንድ መንገደኛ ከነማሸጊያው ከ5 ኪሎ ግራም ሳይበልጥ በሚጫን ሻንጣ ሊሄድ ይችላል፤ የሁለት ሰዎች ድርሻም በአንድ እሽግ አይጠቃለልም። ፈንጂ ወይም አቀጣጣይ ርሳስ ያለው ጥይት ፈጽሞ አይፈቀድም። ጠመንጃው ራሱ ጥይት ያልጎረሰ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በሚቆለፍ ጠንካራ ሣጥን ገብቶ፣ ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ይገለጻል። የመነሻው፣ የመተላለፊያውና የመድረሻው አገር ፈቃድም አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመወልወያው ፈሳሽ ነው። በአየር ማጓጓዣ ደንብ፣ ተን ሰጥቶ እሳት የሚይዝበት ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይበልጥ ፈሳሽ ከተቀጣጣዮች ይመደባል። ብዙዎቹ የባሩድ ጥላሸት ማሟሟቻዎች ከዚህ ክፍል ናቸው፤ በተቀጣጣይ ጋዝ ግፊት የሚረጩ የጠመንጃ ዘይቶችም እንዲሁ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀዱም። ለአዳኙ የሚቀሩለት መወልወያው ዘንግ፣ የነሐስ ብሩሽ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና አየር መንገዱ የሚቀበለው ተቀጣጣይ ያልሆነ ጥቂት ዘይት ናቸው። የዘይቱ ጠርሙስ እስከ አፉ መሞላት የለበትም። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በጠረፍ የተከደነ ጠርሙስ በውስጡ የቀረው አየር ስለሚገፋው ዘይቱን በሣጥኑ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል።

ይህ አነስተኛ ስንቅ ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ የሚገኘው ብረትን የሚያበላሸው ምን እንደሆነ በመረዳት ነው። የብረት ጠላት ውሃ ነው። የጠመንጃው ጥቁር ቀለም ራሱ ስስና ውሃ የሚያሳልፍ የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ስለሆነ ያለ ዘይት ከዝገት አያድንም። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ርጥበቱ 60 በመቶ በሆነበት ስፍራ፣ ከ17 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ብረት ሁሉ ጤዛ ይቋጥራል። ከአይሮፕላኑ ዕቃ መጫኛ ክፍል ቀዝቅዞ የወረደ ጠመንጃ ሞቃት አየር ሲነካው የሚያልበው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሁኔታ ሣጥኑን ዘግቶ ማሳደር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጠመንጃው የተኛበት ስፖንጅ ውሃውን ጠጥቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ብረቱን አቅፎ ይቆያልና። ስለዚህ አዳኙ ማረፊያው እንደደረሰ፣ ደንቡ በሚፈቅድለት ስፍራ ሣጥኑን ይከፍታል፤ ብረቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ከዚያም ውስጡንና ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ በመጨረሻ ስስ ዘይት ያለብሰዋል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ በውሃ ላይ የተቀባ ዘይት ውሃውን አያስወግደውም፣ ከሥሩ ይሸፍነዋል እንጂ።

በባሌ ደጋ ደግሞ ነገሩ ይደገማል። ሌሊቱን በውርጭ የቆየ ጠመንጃ፣ ሰዎች በሚተነፍሱበትና ምግብ በሚበስልበት ሞቃት ድንኳን ውስጥ ድንገት ቢገባ ወዲያውኑ ያልበዋል። ስለሆነም ጥይቱ ወጥቶለት፣ ጥበቃ ባለው ቀዝቃዛ ስፍራ ማደሩ ይመረጣል።

ማሟሟቻ ባለመኖሩ ለሚጨነቅም አንድ የሚያጽናና እውነት አለ። የአንዳንድ አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይቶች መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት ስላለበት፣ በተተኮሰ ቁጥር በቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል። ይህ ጨው ርጥበትን ስቦ ብረቱን ይበላል፤ ዘይት አያሟሟውም፣ ውሃ ግን ያሟሟዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥይት የተኮሰ ሰው ቱቦውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ በሚገባ አድርቆ፣ ዘይት ቢቀባው ከማንኛውም ውድ ፈሳሽ የበለጠ ይጠቅመዋል። ሙቅ ውሃም በየትኛውም ሰፈር አይታጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት የሚደረገው ነው። ለጉዞ የተቀባ ዘይት በቱቦው ውስጥ ተከማችቶ፣ ወይም ከጨርቁ ቁራጭ ተሰክቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ርሳሱ በሙሉ ፍጥነት እየገፋ መጥቶ ከእንዲህ ያለ መሰናክል ጋር ሲገናኝ ግፊቱ ቱቦውን ሊያሳብጠው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ አዳኙ ካዝናውንና የጥይት መጉረሻውን ባዶነት በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጣል፤ መዝጊያውን አውጥቶ በቱቦው ውስጥ ብርሃን ያያል፤ ደረቅ ጨርቅም ያሳልፍበታል። ቀጥሎ በአስተማማኝ ስፍራ ወደ ዒላማ ይተኩሳል፤ የማነጣጠሪያው መነጽር በጉዞ ላይ ተነቃንቆ፣ የእንጨቱ ሰደፍም በርጥበት አብጦ የአተኳኮሱን አቅጣጫ ለውጦት ሊሆን ይችላልና። ይህን የዘለለ ሰው እንስሳውን አቁስሎ ይሰደዋል፤ ይህም ለአዳኝ ከባዶ እጅ መመለስ የከፋ ነውር ነው።

በመልስ ጉዞም ሥርዓቱ አይለወጥም። ጠመንጃው ደርቆና ተወልውሎ፣ ስፖንጁም በፀሐይ ደርቆ ካልሆነ በቀር ሣጥኑ አይቆለፍም። አዳኙ አገሩ ሲገባ ድካሙን ከማሳረፉ በፊት ሣጥኑን ይከፍታል። የተከለከለው ጠርሙስ በቤት ቢቀር ጠመንጃው አይጎዳም፤ ጠመንጃው የሚጎዳው ባለቤቱ ትዕግሥቱንና ደረቅ ጨርቁን ረስቶ ሲሄድ ነው።