ስለ ጤና መጠበቅና ስለ ቤት ሀብት መድን

በአሰላ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



በጭላሎና በካካ ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የአርሲ ደጋ ገበሬ ለእርሻው የሚጠነቀቀውን ያህል ለገዛ ሰውነቱ አይጠነቀቅም። በሬው ባነከሰ ቀን አይጠምደውም፤ ስንዴውን ዋግ ሲመታው ተበድሮም ቢሆን መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ በአርሲና በባሌ በጎዳው ጊዜ፥ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ መዝራት ምን ያህል አደጋ እንዳለው ለብዙዎች ትምህርት ሆናቸው። ዳሩ ግን ያው ጠንቃቃ ገበሬ ራሱን ሳል ይዞት ሦስት ሳምንት ቢቆይ፥ «ብርድ ነው፤ ይተወኛል» እያለ ይከርማል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውም ጎረቤት በቃሬዛ ሲያነሣው ነው።

ይህ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውን ከሐኪም የሚያስቀረው የገንዘብ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጥንድ በሬና ጥቂት በጎች ያሉት ባለ ትዳር ይታሰብ። ሚስቱን በሐምሌ ሌሊት ትርፍ አንጀት ይነሣባታል። ለመኪና ይከፈላል፤ አሰላ ከደረሱ በኋላ ለካርድ፥ ለላቦራቶሪ፥ ለቀዶ ጥገና፥ ለመድኃኒት ይከፈላል፤ አስታማሚውም ይበላል፥ ያድራል። ሐምሌ ደግሞ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። ስለዚህ ባልየው አንዱን በሬ ወደ ገበያ ይነዳል፤ የሚገዛውም ሰው የሻጩን ችግር ከፊቱ ስለሚያነብ ዋጋውን ይሰብራል። ሴትዮዋ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ብልኅነት ድና ትመለሳለች። ቤቱ ግን በሽታው ገና መጀመሩ ነው፤ በአንድ በሬ አይታረስምና መሬቱ ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል፤ የምርቱ ግማሽ ይሄዳል፤ ከልጆቹም አንዱ ትምህርቱን ትቶ ለሰው ከብት ይጠብቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያን ቤት የሚያይ እንግዳ ድኽነቱን ከስንፍና የመጣ ይመስለዋል፤ በአንዲት ሌሊት ሕመም የመጣ መሆኑን ማን ይነግረዋል?

የአገሪቱ ሕዝብ መከራን በአንድነት መሸከምን ከውጭ አልተማረም። ዕድር አለ፤ ዕቁብ አለ፤ ሰንበቴና ማኅበር አለ። በኦሮሞ ባህልም ከብቱ ያለቀበትን ሰው ዘመዶቹና ጎሣው ከብት አዋጥተው መልሰው የሚያቋቁሙበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት ከጥንት የነበረ ነው። ነገር ግን ስለ ዕድር አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዕድርተኛው በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ይተከላል፥ ንፍሮው ይቀቀላል፥ ገንዘቡም ለሐዘንተኛው ይሰጣል፤ ያው ሰው ግን በሕይወት ሳለ ታሞ ተኝቶ የሚታከምበት ቢያጣ፥ የብዙ ዕድር ደንብ አንዳች አይናገርም። ሊሞት የነበረው ሰው ቢድን ለዕድሩ ሣጥን እንኳ ጥቅም በሆነ ነበር! አንዳንድ ዕድሮች በኋለኛው ዘመን ለታመመ አባል መጠነኛ ርዳታ ወይም ብድር መስጠት መጀመራቸው እጅግ የሚመሰገን ነው።

መድን የሚለው ቃል ከግእዙ ድኅነ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ዳነ ማለት ነው። በዚህ ላይ የቋንቋ ሊቃውንት የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ በኀርሙ ኀ የሚጻፈው ድኅነት መዳን ሲሆን፥ በሌላው ፊደል የሚጻፈው ድህነት ማጣት ነው። በጆሮ ሲሰሙ ግን ሁለቱ አይለዩም።

ንግድን ከእሳትና ከባሕር አደጋ የሚጠብቀው የኩባንያ መድን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ የአቢሲንያ ባንክ የውጭ አገር ኩባንያ ወኪል በመሆኑ ነው። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የግል ኩባንያ እንዲቋቋም በአዋጅ ተፈቀደ። ይህ ሁሉ ግን ለባለ መኪናና ለነጋዴ እንጂ ለገበሬው ደጅ አልደረሰም ነበር።

ለገበሬውና በራሱ ሥራ ለሚተዳደረው የከተማ ሰው የተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከኦሮሚያ የተመረጡት ግምቢቹ፥ ኩዩ፥ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ፤ አርሲ በሙከራው አልነበረበትም፥ ሥራው በኋላ በሰፋ ጊዜ ግን ደረሰው። አሠራሩ ለዕድርተኛ እንግዳ አይደለም። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ባል፥ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ፤ ከታመሙም በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማሉ። በሙከራው ጊዜ በኦሮሚያ ለአንድ ቤተ ሰብ በወር 15 ብር ሒሳብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁሉ ነገር ዋጋ ስለ ናረ መዋጮውም ከፍ ብሏል። መንግሥት በመዋጮው ላይ ድጎማ ይጨምርበታል፤ ፈጽሞ መክፈል ለማይችሉት ድኾችም ክልሉና ወረዳው እንዲከፍሉላቸው ተሠርቷል።

ምዝገባው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተ ሰብ የሆነው በብልኅነት ነው። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚጻፍ ቢሆን፥ አባት የታመመውን ልጅ ብቻ አስጽፎ ጤነኞቹን ይተዋልና ሣጥኑ በአንድ ዓመት ባዶ ይሆን ነበር። ከዚህም ሌላ በሽተኛው አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ የመሸጋገሪያ ወረቀት ማግኘት ይገባዋል፤ በሙከራው ዘመን ደንብ ያለ ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል የሕክምናውን ግማሽ ራሱ ይከፍል ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስና ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ሕክምና፥ እንደዚሁም ውጭ አገር ሄዶ መታከም በመድኑ ውስጥ አይቆጠሩም ነበር።

ነቀፌታም አለበት፤ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ጤና ጣቢያ ሲደርስ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» መባሉ በብዙ ቦታ የሚሰማ ምሬት ነው። ይህ ምሬት ካልተቃለለ ሰው በሚመጣው ዓመት አያድስም። «ዓመቱን ሙሉ ሳልታመም ገንዘቤ በከንቱ ሄደ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዘንድሮ ከቤቴ ሰው አልሞተምና የዕድር ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ የሚከራከር ዕድርተኛ ከቶ ታይቶ አይታወቅም። የሙከራውን ወረዳዎች ቤተ ሰቦች የተከታተለ አንድ ጥናት፥ በመድኑ የገቡት ሰዎች የመበደራቸው ዕድል በ5 የመቶኛ ነጥብ ያህል እንደ ቀነሰ፥ ገቢያቸውም ከፍ እንዳለ አግኝቷል። አራጣ የቀመሰ ሰው የዚህን ቁጥር ክብደት ያውቀዋል።

ነገር ግን ከመዋጮ የሚቀድም መድን አለ፤ እርሱም እምብዛም ገንዘብ አይጠይቅም። በቀይ አፈር ደጋ በባዶ እግሩ እያረሰ የሚኖር ሰው እግሩ የሚያብጥበት፥ በትንኝ ከሚመጣው የተለየ የዝሆኔ በሽታ አለ። በወላይታ ተጠንቶ በ1998 ዓ.ም. የታተመ ጽሑፍ እንደሚለው፥ ይህ በሽታ የያዘው ሰው ከሥራ ቀኖቹ መካከል ከመቶ 45 ያህሉን ያጣል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው! ተስቦም እንዲሁ በቅማል የሚተላለፍ የብርድ አገር በሽታ ነውና ልብስን በፈላ ውሃ መቀቀል ይጠብቃል። ከደጋው ወደ ዝዋይ ዱግዳ ወይም ወደ ዶዶታ ቆላ ለሥራ የሚወርድም አጎበር ይዞ ቢወርድ፥ ያገኘውን የቀን ሙያተኛ ገንዘብ ለወባ አይገብርም። በመንግሥት ጤና ድርጅቶች የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፥ የሕፃናት ክትባትና የወሊድ አገልግሎት ያለ ዋጋ የሚሰጡ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ዛሬም አይጠፋም። የነቀርሳ በሽተኛ ግን ጥቂት ሲሻለው መድኃኒቱን ካቋረጠ በሽታው ጠንክሮ ይመለስበታልና፥ የታዘዘለትን ወራት ሁሉ መፈጸም አለበት።

በዚህ ነገር የካህናት ቃል ከማንም ይልቅ ይሰማል። ጠበል የገባ በሽተኛ መድኃኒቱን መተው ያለበት የሚመስለው ብዙ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር ይናገራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን መንገደኛ ዘይትና ወይን አፍስሶ ካሰረው በኋላ ለእንግዳ ማረፊያው ጌታ ሁለት ዲናር ከፍሎለታል። ቁስሉን ማሰሩ ብዙ ጊዜ ይሰበካል፤ ገንዘቡን መክፈሉ ግን እምብዛም አይነሣም። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት በሚጎበኝበት ጊዜ «መድኃኒቱን እየወሰድህ ነው? የመድኑን ደብተር አሳድሰሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ከሹም ማስታወቂያ ይልቅ ይሠራል።

የሰበካ ጉባኤውም ከሙዳየ ምጽዋቱ ጥቂት ከፍሎ፥ በወረዳው የድኾች መዝገብ ሳይጻፉ የቀሩትን መበለቶችና አረጋውያን መዋጮ ሊችልላቸው ይችላል። ሰንበቴዎችም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቤት ቢይዙ ሸክሙ ይቀልላል። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ በጥር ነው፤ የኮምባይነሩ ኪራይ ተከፍሎ ስንዴው ጎተራ ሲገባ፥ ለሠርግና ለማኅበር ድግስ ገብስ ከመለካቱ አስቀድሞ።