የሕንፃ ንድፍና የምሕንድስና ሥራዎች ቅንጅት




በአዲስ ሕንፃ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ መሮና መዶሻ ይዞ የአርማታ ቢም ሲበሳ ማየት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የንድፉ ቅደም ተከተል ነው። በተለመደው አሠራር አርክቴክቱ ፕላኑን ይጨርሳል፤ የስትራክቸር መሐንዲሱ ምሰሶውንና ቢሙን ያሰላል፤ የሳኒተሪ፣ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል መሐንዲሶች ግን የሚጠሩት ቦታው ሁሉ ከተያዘ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ቢሙ ይቈስላል፤ የአየር ማስተላለፊያው ኮርኒሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ወጪውም በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ሌላ መንገድ መኖሩን ለማስረዳት፣ በሐራሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተውን የኢስትጌት ሕንፃ እጠቅሳለሁ። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሲሆኑ፣ ምሕንድስናውን የሠራው የአራፕ ድርጅት ነው። በዚህ ሕንፃ ከውጭ በሚገባ የአየር ማቀዝቀዣ ፈንታ ሕንፃው ራሱ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ተደርጓል። ሌሊት ትልልቅ ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር በወለሉ ውስጥ በተተወው ክፍተት ያሳልፋሉ፤ አርማታውም ቅዝቃዜውን ይይዛል። ቀን ትንንሽ ማራገቢያዎች በዚያው መንገድ ለቢሮዎቹ አየር ያደርሳሉ፤ የሞቀውም አየር ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ጭስ ማውጫ በቆሙት የጡብ ማማዎች ይወጣል።

ታዲያ ይህ ወለል የማን ሥራ ነው? ጭነት በመሸከሙ የስትራክቸር መሐንዲሱ፣ አየር በማስተላለፉ የሜካኒካል መሐንዲሱ፣ የክፍሉን ከፍታ በመወሰኑ ደግሞ የአርክቴክቱ ነው። ሦስቱ በየፊናቸው ቢሠሩ ኖሮ እንዲህ ያለ ወለል ባልታሰበ ነበር።

ይህን ስል ኢስትጌትን እንዳለ እንቅዳ ማለቴ አይደለም። ሐራሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኘው አዲስ አበባም ይህ ጸጋ አላት። ሌሊታቸውም የሚሞቀው ሰመራና ጋምቤላ ግን ሌላ መፍትሔ ይሻሉ። ሊቀዳ የሚገባው የአሠራሩ ሥርዓት ነው።

ስለሆነም ሁለት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የቧንቧና የገመድ መውጫ፣ የማሽን ክፍልና የውሃ ታንከር ቦታ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ፣ ሁሉም መሐንዲሶች ባሉበት ይወሰን። ሁለተኛ፣ የንድፍ ውላችን ይህን የጋራ ምክክር እንደ አንድ የሥራ ደረጃ ቈጥሮ ዋጋ ይተምንለት፤ ያልተከፈለበት ምክክር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋልና። በወረቀት ላይ በላጲስ የሚታረመውን ስሕተት፣ አርማታ ከፈሰሰ በኋላ መሮ አያርመውም።