የአራዳ ሰፈሮች ስማቸውን ከየት አገኙ?



ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ ስለ አዲስ አበባ አዘውትራችሁ ትጠይቁናላችሁ። ከመካከላችሁ ለሕክምና፣ ለአቤቱታ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሄደ አለ። ሲመለስ የሚያወራው ግን ለእንግዳ ሁሉ የሚታየውን ነው፤ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን፣ በፈረስ ላይ ያሉትን የአጼ ምኒልክን ሐውልት፣ ማዘጋጃ ቤቱን። እነዚህን ማየት ደግ ነው። እኛ ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ከሐውልቱ ጀርባ ስላሉት ሰፈሮች ነው።

የቦታው ነባር ስም አራዳ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ትልቁ ገበያ የሚቆመው እዚህ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ቆዳው፣ አሞሌ ጨው ሳይቀር በአህያና በበቅሎ እየተጫነ ይመጣል። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን አመጣው? እንደ እናንተ ያለ ገበሬና ሲራራ ነጋዴ ነው። ዛሬ በከተማው አነጋገር «አራዳ» ማለት ብልጥ፣ የማይታለል ሰው ማለት ሆኗል። ባላገሩን ደግሞ «ፋራ» እያሉ የሚያሾፉ ወጣቶች አሉ። አራዳን አራዳ ያደረገው ገበያው፣ ገበያውንም የሞላው ባላገሩ መሆኑን ቢያውቁ አፋቸውን ይሰበስቡ ነበር።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዘ ጊዜ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። አራዳን ደግሞ ፒያሳ አለው፤ በእነሱ ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው። የአጼ ምኒልክንም ሐውልት ከሥፍራው አነሳ። ጠላት ሲወጣ ሐውልቱ ተመለሰ፤ ገበያው ግን በዚያው ቀረ። የጠላት ስምም ከሕዝቡ አፍ አልወጣም። እንግዲህ ዛሬም ሰው አንዴ አራዳ፣ አንዴ ፒያሳ ይላል።

ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ። እናንተ ባቡር ስትሉ ወፍጮውን ነው፤ የከተማ ሰው ደግሞ በሐዲድ የሚሄደውን ነው። ይኸኛው ግን ሁለቱንም አይደለም። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሳይደርስ፣ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ መኪና ከውጭ አገር አስመጣ። መኪናው ተሰብሮ ቀረ። ሰው «ሰባራው ባቡር ጋ» ሲል ሲል የሰፈሩ ስም ሆነ። እሪ በከንቱ የሚባልም አለ። ሌባ የያዘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ስሙን ያወጡት ሹማምንት እንዳልሆኑ ከስሙ ያስታውቃል!

ሠራተኛ ሰፈር የሚለው ስም ደግሞ እኛንም እናንተንም ይነካል። በዚያ የሰፈሩት ባለ እጆች፣ ብረት ቀጥቃጭና አንጥረኛ የመሳሰሉት ነበሩ። ቤተ መንግሥት ያለ እነሱ እጅ አይቆምም፤ ማረሻም ያለ ቀጥቃጭ የለም። ሆኖም ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ፣ ማዕድ የማይጋራ ስንት አለ? አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን በየመንደሩ አለ፤ በዚህም መንደር ሰምተነዋል። በከተማው እንኳ ሰው «ሠራተኛ ሰፈር ነው ያደግሁት» ብሎ በኩራት ሲናገር እንሰማለን።

አሁን ደግሞ የሆነውን እንንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር «የኮሪደር ልማት» ባለው ሥራ መንገድ ለማስፋት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶችን አፈረሰ። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ከፈረሱት አንዱ ነው። ከነዋሪው ብዙው ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱም አምሯል። ያዘመመ የጭቃ ቤት ይናፍቃል አንልም፤ ዝናብ ሲያፈስ ያደረበት ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን አብሮ እድር የጠጣ፣ ቡና የተጠራራ ጎረቤት ተበታትኗል። ጎረቤትን መንገድ አይተካውም። ስሙንም ቢሆን የሚያስታውሰው ሰው ካልጻፈው ከሰውዬው ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ አዲስ አበባ የምትሄዱ ሰዎች ሐውልቱን ካያችሁ በኋላ አንድ ሽማግሌ ፈልጉና «አባባ፣ ዶሮ ማነቂያ ወዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በእጃቸው ያመለክቷችኋል። ለምን እንዲያ እንደተባለ ንገሩን ብትሏቸው ግን ቶሎ አይለቋችሁም።

የማትሄዱት ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። የዚህን መንደር የየቦታውን ስም፣ ጉብታውን፣ ምንጩን፣ መሻገሪያውን አንድ በአንድ እንጽፋለን። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ደግፋችሁም ቢሆን አምጡልን።