በነዳጅ ማከማቻ ስፍራ የኤሌክትሪክ መሣሪያን ያለ አደጋ ስለ ማሠራት



ኡጋንዳ የባሕር በር የሌላት አገር በመሆኗ፥ የምትጠቀምበት ነዳጅ አብዛኛው በኬንያ በኩል የሚገባ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ነዳጅ በማከማቻና በማደያ ሲጠራቀም፥ የጋኑን ልክ የሚለካውና ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ በእሳት የሚያዘው ነገርና እሳት የሚወልደው ነገር ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ።

የቤንዚን ተን የሚያመጣውን ጥፋት ካምፓላ በሐዘን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ጁን 29 ቀን በናሙንጎና አንድ የነዳጅ ቦቴ አደጋ ደርሶበት፥ የፈሰሰውን ቤንዚን ለመቅዳት ሰው በተሰበሰበበት እሳት ተነሥቶ ብዙ ሰዎች ሞተዋል። ይህ የደረሰው በመንገድ ላይ ነው፤ የተኑ ጠባይ ግን በማከማቻም ያው ነው። ከአየር ስለሚከብድ በቦይና በጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ከአየሩ ከመቶ 1.4 ያህል ሲሞላም ለመቀጣጠል ይበቃል። ለማቀጣጠልም ከአንድ ሚሊጁል ያነሰ ብልጭታ አያንሰውም።

አደጋውን ለመከላከል ከታወቁት መንገዶች ሁለቱ እነሆ። አንደኛው፥ መሣሪያውን በወፍራም የብረት ሣጥን መዝጋት ነው፤ በውስጡ ፍንዳታ ቢነሣ ነበልባሉ በጠባቡ መጋጠሚያ ሲያልፍ ስለሚቀዘቅዝ የውጭውን ተን አያቀጣጥልም። ሁለተኛው፥ ለመለኪያ መሣሪያዎች የሚስማማው፥ ኃይሉን ከመነሻው ማሳነስ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ቢነካካ እንኳ የሚወጣው ብልጭታ ተኑን ለማቀጣጠል አቅም እንዳይኖረው ይደረጋል።

ይህ ሁለተኛው ሐሳብ የተወለደው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. በዌልስ አገር በሴንግሄኒድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን 439 ሠራተኞች በፍንዳታ ካለቁ በኋላ፥ የኤሌክትሪክ ደወል ብልጭታ መነሻ ሳይሆን እንዳልቀረ ስለ ተጠረጠረ ሊቃውንት ነገሩን መረመሩ።

ዛሬ ሥራውን የሚፈጽመው አደጋ ከሌለበት ክፍል የሚቀመጥ ገዳቢ መሣሪያ ነው። በውስጡ ፊውዝ፥ ዜነር ዳዮድና የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ አሉ። የ240 ቮልት መስመር በስሕተት ቢነካው፥ ዳዮዱ ትርፉን ኃይል ወደ መሬት ይልከዋል፤ ፊውዙም ይቃጠልና መስመሩን ይቈርጣል። ስለዚህ የመሬቱ ሽቦ ከላላ ጥበቃው ከንቱ ነው። ሽቦው እጅግ ሲረዝምም በውስጡ ኃይል ስለሚያከማች፥ ርዝመቱ አስቀድሞ ሊሰላ ይገባል።

እንግዲህ ትልቁ ጠላት የሚመጣው ከጥገና ነው። በተቃጠለው ፊውዝ ፋንታ ተራ ሽቦ የሚያስገባ እጅ፥ የመሐንዲሱን ልፋት በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል፤ መሣሪያውም እንደ ቀድሞው ስለሚሠራ ጥፋቱ አይታወቅም።

ስለዚህ ፈቃድ የምትሰጡ ሹማምንት፥ ተን የሚገኝባቸው ስፍራዎች በካርታ መለየታቸውን፥ የእያንዳንዱን መሣሪያ የምስክር ወረቀትና የጥገናውን መዝገብ ሳታዩ አትፈርሙ። ባለ ማደያዎችም፥ ለዚህ ሥራ ያልሠለጠነን ሰው ሽቦ አታስነኩ። የሚጠብቀን የሣጥኑ ውፍረት ወይም የገዳቢው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም እንደ ተሠራ ሆኖ መቈየቱ ነው።