ማርሚታ ላይ የቀለጠ ላስቲክ

በአዊ ክረምቱ ከጠና ወዲህ ከአዲስ ቅዳምም፣ ከእንጅባራም፣ ከዳንግላም የምትደውሉ ሞተረኞች የምትጠይቁት አንድ ነገር ሆኗል፤ «የዝናብ ልብሴ ማርሚታው ላይ ቀልጦ ተጣበቀ፤ በምን ላስለቅቀው?» የፋግታ ለኮማ ልጆች ደግሞ ከኋላ ያሰራችሁት የከሰል ማዳበሪያ ጎኑ ማርሚታውን እየነካ ይቀልጥባችኋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ በቤንዚን አትንኩት! ቤንዚን እንደ ፌስታል ያለውን የዝናብ ልብስ ላስቲክ አያሟሟውም። የሚተነው እንፋሎቱ ግን የጋለ ቱቦ ወይም ትንሽ ብልጭታ ካገኘ ይነድዳል። ይህን ባለፈው ዝግጅትም ተናግሬ ነበር፤ በማግስቱ የደወለው ሰው ግን «ቤንዚን ስንት ላፍስበት?» አለኝ። ጠብታም አታፍስ፣ ወንድሜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌስታል ከ105 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይቀልጣል፤ የማዳበሪያ ክር ደግሞ 160 ዲግሪ አካባቢ። ከሞተሩ ራስ ወደ ማርሚታው የሚሄደው ቱቦ በጉዞ ላይ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ የዝናብ ልብሱ ጫፍ ለአፍታ ቢነካው በቂ ነው። ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ደግሞ ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል። ሙቀት ያጣበቀውን የሚያላቅቀው ሙቀት ነው።

ሞተሩን ደጅ አውጡት፤ ቤት ውስጥ ጭሱ ይገድላል። አስነሱትና ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። ላስቲኩ ለስለስ ማለት ሲጀምር አጥፉት። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጉ። ከዚያ በምን ትፍቁታላችሁ? በካቻቢቴ አይደለም፤ በቢላዋም አይደለም። ማርሚታው የተለበጠበት ክሮም ውፍረቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። አንዴ ከተጫረ የአዊ ዝናብ በዚያ ጭረት ገብቶ ያዝገዋል። እንጅባራ ዙሪያ የደጋ ቀርቀሃ ሞልቷል፤ አንድ ስንጣሪ ወስዳችሁ ጫፉን እንደ መሮ አሹሉት። ቀርቀሃ ለስላሳውን ላስቲክ ይገፋል፤ ክሮሙን ግን አይጭርም። የተረፈውን በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ላይ አትድፉ፤ ብረቱ በድንገት ሲኮማተር ሽፋኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማርሚታው ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ በወንፊት የተነፋ የከሰል አመድ በውሃ ለውሳችሁ በጨርቅ እሹት። ይህ ለክሮም ብቻ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ አመዱ ቀለሙን ስለሚልጥ በቀርቀሃው ፍቃችሁ ተዉት፤ የቀረው ስስ ቅሪት በጉዞ ላይ ራሱ ይቃጠላል።

አንድ የዳንግላ አድማጭ «ቱቦው ሰማያዊ ሆነብኝ፤ ይህም ላስቲክ ነው ወይ?» ብሎኛል። ይህን ጥያቄ ወደድኩት! አይደለም። ብረት አየር ላይ ሲግል ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እጅግ ስስ ሽፋን ያበጃል። ብርሃን ከሽፋኑ ላይም ከሥሩም ይመለስና ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋል፤ ሌላው ይደምቃል። ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀለም በቀለም የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀጥቃጮች ይህን በዓይናቸው ያውቁታል፤ ተራ ብረት 220 ዲግሪ ገደማ ላይ የገለባ ቢጫ ይሆናል፤ 300 ገደማ ላይ ሰማያዊ። ክሮም ከዚያም በላይ ሙቀት ይፈልጋል። እናም ቱቦህ ክፉኛ ሰማያዊ ከሆነ፣ ምናልባት ካርቡራተሩ ቤንዚን እያሳነሰ፣ አየር እያበዛ ይሆናል፤ ለመካኒክ አሳየው። ስለ ቀለሙ ሰዓት ሙሉ ባወራ አልጠግብም፤ ግን ወደ ቤንዚኑ ጉዳይ ልመለስ።

አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ገና ከመንገድ የገባ ሞተር አቁሞ፣ በቤንዚን የነከረውን ጨርቅ ማርሚታው ላይ አሳረፈ። ጨርቁ ነደደ፤ እሳቱ ወደ እጅጌው ወጣ። ጎረቤቱ ሮጦ አፈር ባያለብስለት ኖሮ ታንኩም ይያዝ ነበር። ልጁ በቀኝ እጁ መሥራት የጀመረው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናንተ ጎበዞች፣ ሁለት ደቂቃ ለመቆጠብ ስትሉ እጃችሁን አትስጡ! ተቆጣሁ፤ መቆጣትም ይገባኛል።

ሰዓቱ ስላለቀ የቀረውን ላፍጥነው። ከመነሳታችሁ በፊት የዝናብ ልብሱን ጫፍ ሰብስባችሁ ወገባችሁ ላይ እሰሩ። ማዳበሪያውን ከማርሚታው አርቃችሁ በጠንካራ ገመድ ጥፈሩ። ከኋላ የምትሳፈሩ እናቶችና እህቶች፣ ስትወርዱ ማርሚታ በሌለበት ጎን ውረዱ። ሰው ከተቃጠለ ቦታውን በሚፈስ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ አቆዩት። ላስቲክ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ አትንቀሉት፤ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ የተጎዳውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።