ስለ ሞስዳሌ መርከብና ዘግይቶ ስለ መጣ ምስጋና

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)





አዘጋጆቹ «ከምትኖርበት ከኖርዌይ አንድ ቁም ነገር ይዘህልን ና» ሲሉኝ ስለ በረዶና ስለ ዓሣ የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት በጭነት ሥራ ነው። ዕቃው ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል፣ ማን ያደርሰዋል፣ ላደረሰውስ ምን ይከፈለዋል እያልኩ ሳሰላ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የንግድ መርከብ ነው። ስሟ ሞስዳሌ ይባላል። ፍራፍሬና ሌላ በቶሎ የሚበላሽ ምግብ እንድትጭን ተብላ፣ ማቀዝቀዣ ተገጥሞላት የተሠራች ናት። ጦርነት ግን ለማንኛውም ደረሰባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አትላንቲክ ውቅያኖስን ከ90 ጊዜ በላይ አቋርጣ በሕይወት ተርፋለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጀርመን ኖርዌይን የወረረችው ሚያዝያ 1 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 9 ቀን 1940 መሆኑ ነው። ኖርዌይ ያን ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበራት ትንሽ አገር ነበረች። የንግድ መርከቦቿ ግን በዓለም አራተኛውን ደረጃ የያዙ ነበሩ። አገሪቱ በጠላት እጅ ስትወድቅ ወደ 1,000 የሚጠጉ መርከቦቿ በየባሕሩና በየወደቡ ተበትነው ነበር። ለጀርመኖች ያደረው ክቪስሊንግ መርከቦቹ ወደ አገራቸው ወይም ወደ ገለልተኛ ወደብ እንዲገቡ በራዲዮ ትእዛዝ አስተላለፈ። ካፒቴኖቹ አልታዘዙለትም። የኖርዌይ መንግሥትም ከጥቂት ቀናት በኋላ መርከቦቹን በሙሉ በአዋጅ ተረከበ። እነሱን የሚያስተዳድር ኖርትራሺፕ የሚባል ድርጅትም ለንደን ላይ ተቋቋመ። ወደ 30,000 መርከበኞችን ይዞ በዓለም ትልቁ የመርከብ ድርጅት ሆነ።

እስቲ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የኖርዌዩ ንጉሥ ሆኮን 7ኛ ተሰደው እንግሊዝ የገቡት በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ነው። የእኛ ንጉሠ ነገሥት ያን ጊዜ አራት ዓመት የሞላው ስደታቸውን እዚያው እንግሊዝ ነበሩ። ወደ ሱዳን ለመሄድ የተነሡት በዚያው ወር አጋማሽ ገደማ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ አገራቸው የተወረረባቸው ሁለት ነገሥታት በአንድ ደሴት ላይ ነበሩ ማለት ነው። የኛዎቹ አርበኞች በየጫካው ነበሩ። የኖርዌይ አርበኞች ብዙዎቹ ግን ከሰል የሚያነዱ፣ ሞተር የሚያጸዱ፣ ወጥ የሚሠሩ መርከበኞች ነበሩ። ጠመንጃ ሳይዙ ነው የዘመቱት።

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ። እንግሊዝ ደሴት ናት። ስንዴው፣ ሥጋው፣ ነዳጁ፣ ጥይቱ ሁሉ በባሕር ካልገባላት መዋጋቱ ቀርቶ መብላትም አትችልም። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሥራ ይህን መስመር መቁረጥ ነበር። መከላከያው ደግሞ የድሮ ሲራራ ነጋዴዎቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፦ ሽፍታ ባለበት መንገድ ለብቻ አትሂድ፣ ተሰባሰብና በቅፍለት ተጓዝ። ኮንቮይ የሚባለው ይኸው ነው። ሠላሳ፣ አርባ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆኑ መርከቦች ከካናዳ ወይም ከኒው ዮርክ ይነሡና ጎን ለጎን በረድፍ ተሰልፈው ይጓዛሉ። ጥቂት የጦር መርከቦች ዙሪያቸውን ይጠብቃሉ። ሌሊት መብራት አይበራም። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ነው። በዝግተኞቹ ኮንቮዮች ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ብስክሌት ይቀድመዋል። በዚህ ፍጥነት ነው እንግዲህ አትላንቲክን ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የሚያቋርጡት።

ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ይህ ነበር፦ ጎንህ ያለው መርከብ ቢመታ አትቁም። ሰው ከውኃ ላወጣ ብሎ የቆመ መርከብ ራሱ ቀጣዩ ኢላማ ነውና። የወደቁትን ማንሣት ከኋላ ለሚከተሉ አዳኝ መርከቦችና ለአጃቢዎቹ የተተወ ነበር፤ እነሱ ባሉበትና በሚችሉበት ጊዜ። ነዳጅ በጫነ መርከብ ላይ ያለ ሰው እሳትን ይፈራል። የብረት ማዕድን በጫነው ላይ ያለው ደግሞ መስጠምን ይፈራል፤ እንዲህ ያለው መርከብ ከተመታ አንዳንዴ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ከታች ከሞተሩ ዘንድ የሚሠራው ሰው ወደ ላይ የሚወጣበት አንድ የብረት መሰላል ነው ያለው።

ጥቅምት 1940 (እንደ ፈረንጆቹ) ኤስ ሲ 7 የተባለው ኮንቮይ 35 መርከቦች ይዞ ከካናዳ ተነሣ፤ 20ው ሰጠሙ። መጋቢት 1943 ላይ ኤች ኤክስ 229 በተባለው ኮንቮይ መጀመሪያ የተመታችው ኤሊን ኬ የተባለች የኖርዌይ መርከብ ነበረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሠራተኞቿ ሁሉ ተርፈዋል። እስከዚያው ዓመት ግንቦት ድረስ ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል አይታወቅም ነበር። በዚያ በግንቦት ብቻ ጀርመኖች 41 ሰርጓጅ መርከቦች ሲያጡ ሚዛኑ ተገለበጠ።

ሞስዳሌ ፈጣን ስለነበረች ብዙ ጊዜ ያለ ኮንቮይ ለብቻዋ ነው የተጓዘችው። የብቸኛ መርከብ መከላከያ ፍጥነቷና ዝምታዋ ነው። ዝምታ ስል የራዲዮ ዝምታ ማለቴ ነው። ራዲዮ ኦፕሬተሩ ቀን ከሌት ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ከተናገረ ጠላት ያለበትን ቦታ ያውቅበታላ። አፉን የሚከፍተው ጥቃት ሲደርስ ብቻ ነው። ሰርጓጅ መርከብ ከሆነ «ኤስ» የምትለዋን ፊደል አራት ጊዜ፣ ከዚያም ያሉበትን ቦታ ያስተላልፋል። መርከቡ እየሰጠመም ቢሆን ያንን ሳይልክ ከቦታው አይነሣም።

በሞስዳሌ ላይ ይህን ሥራ የያዘችው ፈርን ብሎጄት የምትባል የ22 ዓመት ካናዳዊት ነበረች። በኮበርግ ከተማ ያደገች፣ ቶሮንቶ ውስጥ ቀን በጸሐፊነት እየሠራች ማታ የራዲዮ ትምህርት የተከታተለች ልጅ ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማታው ክፍል ምሩቃን ብዙ ናችሁ፤ ያ ድካም ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ተመርቃ ስትወጣ የካናዳ መርከቦች ሴት አይቀጥሩም ነበር። ኖርዌዮች ግን ኦፕሬተር ቸግሯቸዋል፤ ተቀበሏት። ሰኔ 1941 ላይ ሞስዳሌ ላይ ወጣች። የባሕር ሕመም ክፉኛ ያሠቃያት ነበር። ያም ሆኖ ጦርነቱ እስኪያልቅ አትላንቲክን 78 ጊዜ ተሻገረች። የመርከቡን ካፒቴን ጌርነር ሱንደን አገባች። ንጉሥ ሆኮን የኖርዌይን የጦርነት ሜዳይ ሸለሟት፤ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እሷን ተከትለው ሌሎች ካናዳውያን ሴቶችም በኖርዌይ መርከቦች ላይ ተቀጠሩ። ከጦርነቱ በኋላ ኑሮዋን ፋርሱን በምትባለው የደቡብ ኖርዌይ ወደብ አደረገች።

የፈርን ታሪክ ሲነገር ደስ ይላል። የሌሎቹ ግን እንዲህ አላለቀም። ከኖርዌይ የንግድ መርከቦች ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ግንቦት 1945 ላይ ኦስሎ በደስታ ስትጨፍር መርከበኞቹ ገና ባሕር ላይ ነበሩ፤ ጭነቱ አላለቀማ። ብዙዎቹ አገራቸው የገቡት ሰልፉና ሙዚቃው ካበቃ በኋላ ነው። የተቀበላቸውም ሰው «እናንተማ ደመወዝ እየተከፈላችሁ ነው የሠራችሁት» ይላቸው ጀመር።

የደመወዙ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በጦርነቱ መጀመሪያ የኖርዌይ መርከበኞች የጦርነት አበል ከእንግሊዞቹ ይበልጥ ነበር። በአንድ ወደብ፣ በአንድ አደጋ ውስጥ ሆነው አንዱ ብዙ ሌላው ትንሽ ሲያገኝ ቅሬታ ይነሣል ተብሎ የኖርዌዮቹ አበል ወደ እንግሊዞቹ እንዲወርድ ተስማሙ። ልዩነቱ ገንዘብ ግን በአንድ ፈንድ ውስጥ ተቀመጠ። መርከበኞቹ በይፋ አልተነገራቸውም፤ ስለዚህ «የኖርትራሺፕ ምስጢራዊ ፈንድ» እየተባለ ተጠራ። ከጦርነቱ በኋላ ወሬው ሲወጣ መርከበኞቹ «የላባችን ዋጋ ነው፣ ይከፈለን» አሉ። መንግሥት ደግሞ ለችግረኛ መርከበኞችና ለሟች ቤተሰቦች መርጃ ይውላል አለ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1954 መርከበኞቹ ተረቱ።

በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ወገን የየራሱ ምክንያት እንደነበረው ለማየት ሕግ መማር አያስፈልግም። ችግረኛን መርዳት ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሰውየው የራሱን ገንዘብ እንደ ምጽዋት ሲሰጡት ምን ይሰማዋል? የኖርዌይ ፓርላማ ለጥያቄው መልስ የሰጠው በ1972 ነው፤ ለእያንዳንዱ በባሕር ላገለገሉበት ወር 180 ክሮነር እንዲከፈል ወሰነ። አምስቱንም ዓመት ያገለገለ ሰው 10,800 ክሮነር ያህል ይደርሰዋል። ጦርነቱ ካለቀ 27 ዓመት ሆኖታል። በ20 ዓመቱ መርከብ የወጣው ልጅ 52 ዓመት ሞልቶታል፤ ያውም ከኖረ። ብዙዎቹ እስከዚያ ድረስ ሌሊት እየባነኑ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር እየደነገጡ፣ መጠጥ እየጎዳቸው ኖረዋል። የመንግሥት ይቅርታ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው የመጣው፤ የመከላከያ ሚኒስትሯ አን-ግሬተ ስትሮም-ኤሪክሰን መርከበኞቹን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ2013 ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለን ብንተርት ምናልባት እናበዛዋለን፤ ይቅርታው ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ትልቅ ነገር ነበርና። መስማት የነበረባቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ አልነበሩም።

ይህን ሁሉ ለምን አመጣሁት? ከኖርዌዮች ጋር ሩቅ አይደለንም። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በተመሠረተ ጊዜ ምጽዋ ላይ መኮንኖቻችንን ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩበት። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከዚህ የቀረበ ነው። መርከበኞቹን የበደላቸው ጥላቻ አልነበረም። አገር ጀግናን በጠመንጃው ስለሚያውቀው ነው፤ ምግቡን ያደረሰው ሰው በዓይን አይገባም።

ይህ መጽሐፍ በየዓመቱ ሲታተም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የዲን፣ የፕሮፌሰር፣ የሜዳሊያ ተሸላሚ ፎቶግራፍ ነው። ይገባቸዋል። እስቲ ግን አስቡት፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ በሌሊት ተነሥቶ ዳቦ የጋገረልን፣ ቤተ መጻሕፍቱን እስከ እኩለ ሌሊት ከፍቶ የጠበቀን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ዘንድ የሮጠ፣ በር ላይ በብርድ የቆመ ሰው ስሙ የት ተጽፏል? አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹም አልፈዋል። ብዙዎቹ ግን አሁንም በዚህችው ከተማ አሉ።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ አንድ ክፍል ለነሱ ይሁን። እያንዳንዳችን የምናስታውሰውን ሠራተኛ ስም፣ የሠራበትን ክፍልና ዘመን ጽፈን ለጽሕፈት ቤቱ እንስጥ። አስተዳደሩም ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክርልን። በሚቀጥለው መገናኛችን ደግሞ በእንግድነት ጠርተን የክብሩን ወንበር እንስጣቸው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ስሞች እኔ ጽፌ አምጥቻለሁ፤ ከዚህ ስወርድ ለጸሐፊያችን አስረክባለሁ።