በቤት ስለሚደረግ የካምሻፍትና የዘይት ጎማ ለውጥ
(በሠፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ስለ መኪና ጥገና አንድ ሰው ያስረዳን ተብሎ ሥራው ለእኔ ስለ ተሰጠኝ ጥቂት ቃል ለመናገር ቆሜያለሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዳሩ ግን በረዳትነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለመካኒክ መፍቻ ሳቀብል ያየሁትና በኋላም በገዛ እጄ የሠራሁት አለ። የምናገረው ያንኑ ነው።

በሠፈራችን የሚያድሩት መኪኖች አብዛኞቹ የቶዮታ ሃይየስና ሂሉክስ ሲሆኑ ሞተራቸው 3ኤል ወይም 5ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው። መኪናው የባለቤቱ እንጀራ ብቻ አይደለም። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት፣ አምቡላንስ ካልተገኘ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የምትደርሰው በዚሁ መኪና ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ አንዲት ትንሽ ዕቃ አጥቶ የቆመ መኪና ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሁላችንም አይተናል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ካምሻፍት ማለት በሞተሩ አናት፣ ቴስታታው ላይ ተኝቶ እየዞረ ቫልቮችን የሚከፍት ዘንግ ነው። የሚያዞረው ከታች ያለው ኮሎ ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ኮሎ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል። (ቴስታታ፣ ቺንጋ የምንላቸው ቃላት የጣሊያን ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ።)

በካምሻፍቱ ጫፍ፣ ቺንጋው ባለበት በኩል፣ ከቡና ስኒ አፍ የማትበልጥ የጎማ ቀለበት አለች። ኦይል ሲል የሚሏት እሷ ናት። ሥራዋ ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከል ነው። በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ትደርቃለች፤ ያን ጊዜ ዘይት ጠብ ማለት ይጀምራል። የሚንጠባጠበውም ቺንጋው ላይ ነው። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ያብጣል፣ ጥርሱ ይረግፋል፣ ከዚያ ወይ ይዘላል ወይ ይበጠሳል። በእነዚህ ናፍጣ ሞተሮች ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስቶን ከቫልቭ ጋር ይጋጫል። ቫልቭ ይታጠፋል፤ ካምሻፍቱም ለሁለት ሊሰበር ይችላል።

የአንድ ጎረቤታችን ሚኒባስ በኮረም መንገድ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከፊት በኩል ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ “ዘይት እየጨመርኩ እነዳለሁ” ይል ነበር ሰውዬው። መኪናው ሁለት ወር ቆመ፣ ቤተሰቡም በብድር ኖረ።

እንግዲህ ዘይት ያየ ሁሉ ወዲያው ካምሻፍት ይፍታ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን ጠርጎ ማድረቅ፣ አስነስቶ በባትሪ መብራት ማየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ቀላል ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም በአቧራና በዘይት ከተደፈነ፣ በውስጥ ያለው ግፊት አዲስ ጎማ እንኳ ቢገባ መልሶ ያስፈሳል። ስለዚህ ቱቦው አስቀድሞ ይጠረግ።

ፈቺው ሰው ይህን ልብ ይበል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእኛ ሠፈር ቁልቁለት ስለሆነ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። የሃይየስ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩ ይነሣል። አንደኛው ፒስቶን በእመቃ ላይ ሆኖ አናት እስኪደርስ ኮሎው በእጅ ይዞራል፤ በኮሎው፣ በካምሻፍቱና በናፍጣ ፓምፑ ፑሊ ላይ ያሉት ምልክቶች ትክክል መግጠማቸው ይታያል። ምልክቱ ካልታየ በነጭ ቀለም ይደረግ። ቺንጋው ከወጣ በኋላ ኮሎው ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመለስ፤ ፒስቶኖቹ ከአናት ዝቅ ስለሚሉ ቫልቭ አይነካቸውም።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ካምሻፍቱን የያዙትን ክዳኖች ሲፈታ ነው። የቫልቭ ስፕሪንጎች ከሥር እየገፉት ስለሆነ አንዱን ክዳን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ዘንጉን ያጣምመዋል፣ ይሰብረዋልም። ከሁለቱ ጫፍ ጀምሮ ወደ መሐል፣ እያንዳንዱን ብሎን ጥቂት ጥቂት፣ በበርካታ ዙር መፍታት ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ከመሐል ወደ ጫፍ። ክዳኖቹ ቁጥርና ቀስት አላቸው፤ በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደርደሩ። የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም።

የድሮዋ ጎማ ስትወጣ የካቻቢቴው ጫፍ በፕላስተር ይጠቅለል፤ ዘንጉን ከጫረ አዲሷም ታፈሳለች። የአዲሷ ከንፈር ግራሶ ይቀባል፣ ልኳ በሆነ ቱቦ በቀስታ እየተመታች ቀጥ ብላ ትገባለች። መያዣዋ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ሲሊኮን በስሱ ይቀባል። አዲሱ ካምሻፍት ሲቀመጥ ንጹሕ ዘይት ይጠጣ። ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት ይለካል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የአየር ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ የጭስ ማውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ነው።

ከዚያ ካምሻፍቱ ወደ ምልክቱ፣ ኮሎውም ሩቡን ዙር ወደ ፊት ተመልሶ ወደ ምልክቱ ይመጣና አዲስ ቺንጋ ይገባል። ዘይት የነካውን ቺንጋ በቤንዚን አጥቦ መልሶ የሚያስገባ አለ፤ ይህ መኪናን አውቆ መግደል ነው። በመጨረሻ ቁልፍ ሳይነካ ኮሎው በእጅ ሁለት ዙር ይዙርና ምልክቶቹ እንደገና ይታዩ። ሲዞር ጠንክሮ እምቢ ካለ አይገደድ፤ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

“ልጆች በሙከራ ሞተር ይጨርሳሉ” ያሉት አባት ተናግረዋል። እውነት አላቸው። የናፍጣ ፓምፕ ከቦታው መንቀልና ቴስታታ ማውረድ የቤት ሥራ አይደለም፣ ወደ መካኒክ ይሂድ። የዘይት ጎማና ቺንጋ ግን ታግሦ የሚሠራ ሰው ይሠራዋል።

የብሎን ማጥበቂያ ልኬት ያለው መፍቻ፣ ቶርክ የሚሉት፣ በማኅበራችን ቢሮ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየፈረሙ መውሰድ ይቻላል፤ ማክሰኞ ይመለስ። የተቃጠለ ዘይትም ቦይ ውስጥ አይደፋ፣ ከቢሮው ጓሮ በርሜል ተቀምጧል።